«ሻፊዒ» ከ«ሱፊ» ጋር በአንድ ረድፍ አይጻፍም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በሚጻፉ ዜናዎችና ሐተታዎች ላይ አንድ ስህተት እየተደጋገመ ነው። ጸሐፊው እስልምና ስንት ቦታ እንደሚከፈል ሊያስረዳ ሲነሳ ሱኒ፣ ሺዓ፣ ሻፊዒ፣ ሱፊ፣ ወሃቢ እያለ በአንድ ረድፍ ይደረድራል። ይህ «የመርካቶ ሰው በአራት ይከፈላል፤ ጉራጌ፣ ልብስ ሰፊ፣ ረጅምና ባለትዳር» እንደማለት ነው። አንዱ ሰው አራቱንም ሊሆን ይችላል። ሐረር ተወልዶ እዚያው የተማረ አንድ ሼህ ሱኒም፣ ሻፊዒም፣ አሽዐሪም፣ ቃዲሪም ነው፤ አንዱ መጠሪያ ሌላውን አያስወጣውም።

ይህን የጻፍነው ፒያሳና መርካቶ አካባቢ ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ) እና ዓቂዳ (የእምነቱን ትምህርት) የምናስተምር ጥቂት ሰዎች ነን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርገናቸዋል።

ከቃሉ እንጀምር። «ኢስላም» ሰላም፣ ሰላምታ፣ መሳለም ከምንልበት ሥር የወጣ ቃል ነው። ነገር ግን «እስልምና ማለት ሰላም ማለት ነው» የሚለው የመድረክ አነጋገር ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በዓረብኛ ሰዋስው ቃሉ «አስለመ» ከሚለው ግስ የተገኘ የድርጊት ስም ነው፤ ራስን ለአላህ መስጠት፣ ለፈቃዱ ማደር ማለት ነው። ይህን ያደረገው ሰው ደግሞ «ሙስሊም» ይባላል። ስለዚህ ሃይማኖቱ እስልምና ወይም ኢስላም፣ ሰውየው ሙስሊም ተብሎ ቢጻፍ ትክክል ነው፤ ሰውን «እስላም» ብሎ መጥራት በድሮ አማርኛ የተለመደ ቢሆንም ሰዋስውም ባለቤቱም አይደግፉትም። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ሰገደና መስጊድ፣ አመነና ኢማን፣ ጾምና ሰውም የአንድ ቤተሰብ ቃላት ስለሆኑ ብዙው ነገር ሳይተረጎም ይገባዋል።

ክፍፍሎቹን ለመለየት የሚረዳው ቁልፍ ተማሪዎች ገና በጅማሬ በቃላቸው የሚይዙት የጅብሪል ሐዲስ (ስለ ነቢዩ የተላለፈ ዘገባ) ነው። የነቢዩ ባልደረባ ኡመር እንዳስተላለፉት ልብሱ የነጣ፣ የጉዞ ምልክት የማይታይበት አንድ እንግዳ (በኋላ መልአኩ ጅብሪል መሆኑ የተነገረ) መጥቶ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው፤ ከጥያቄዎቹ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ኢስላም ምንድን ነው? ምስክርነት፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዷን ጾምና ለቻለ ሰው ሐጅ። ኢማን ምንድን ነው? በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ማመን። ኢሕሳን ምንድን ነው? አላህን እንደምታየው ሆነህ መገዛት፤ አንተ ባታየው እሱ ያይሃልና። ከእነዚህ ሦስት መልሶች ሦስት የዕውቀት ዘርፎች አደጉ። የአካል ሥራን የሚመለከተው ፊቅህ ሆነ፤ በውስጡ ያሉት መስመሮች መዝሀብ ይባላሉ። እምነትን የሚመለከተው ዓቂዳ ሆነ። ልብን የሚመለከተው ተሰውፍ ሆነ፤ የእሱ መስመሮች ጠሪቃ ይባላሉ። ጋዜጠኛው አንድ ስም ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ስም የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው የሚለውን ነው።

ሱኒና ሺዓ ግን ከሦስቱም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ እሱም ከነቢዩ በኋላ ማን ይምራ የሚለው ነው። ነቢዩ በ632 ሲያልፉ አብዛኛው ሰው አቡበክርን ተቀበለ፤ ከዚያ ኡመር፣ ኡስማንና ዓሊ እስከ 661 ተከታትለው መሩ። የዓሊ ወገን (ሺዓ የሚለው ቃል ራሱ «ወገን» ማለት ነው) አመራሩ ከመጀመሪያው ለዓሊና ከፋጢማ ለተወለዱት ልጆቻቸው የተገባ ነበር ባይ ነው። የነቢዩ የልጅ ልጅ ሑሰይን በ680 ከርበላ ላይ ሲገደሉ የፖለቲካው ልዩነት የሐዘንና የእምነት ልዩነት ሆነ። ሺዓዎች በኋላ እርስ በርስ የተለያዩትም ትክክለኛው ኢማም የትኛው ነው በሚለው ነው። ዘይዲዎች በ740 በዐመፅ የተገደሉትን ዘይድ ኢብን ዓሊን ይከተላሉ። ጀዕፈር አስሳዲቅ በ765 ሲያልፉ በልጃቸው በኢስማዒል መስመር የሄዱት ኢስማዒሊዎች ተባሉ፤ በሌላው ልጃቸው በሙሳ መስመር የሄዱት ደግሞ የኢራንና የኢራቅ ብዙኃን የሆኑት አሥራ ሁለት ኢማም ተከታዮች ናቸው። እነዚህ 12ኛው ኢማም ከ874 ጀምሮ ተሰውረዋል፣ ይመለሳሉ ብለው ያምናሉ። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ዒባዲዎችም አሉ፤ ዋና አገራቸው ዑማን ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ የሩቅ ታሪክ ይመስላል እንጂ አይደለም። ድሮ አራዳ ላይ ሱቅ ከከፈቱት የጉጃራት ነጋዴዎች መካከል ቦህራዎች ነበሩ፤ ቦህራ የኢስማዒሊ ቅርንጫፍ ነው። የየመን ነጋዴ ሁሉ ሻፊዒ ነው ማለትም አይቻልም፤ ከሰሜን የመን ተራሮች የመጣው ዘይዲ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ምልክት እየመሰሉ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ዓሊ፣ ሁሴንና ፋጡማ የሚሉ ስሞች በአገራችን የሺዓ ምልክት አይደሉም። የባሌው ሼህ ሁሴን የከርበላው ሑሰይን አይደሉም። ሐረር ላይ በዓሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ መቅረቡም ከሺዓ ሐዘን ጋር አይገናኝም፤ ሐረሪው ሱኒ ነው። ሺዓውን በሥራው መለየት ከተፈለገ፣ የአሥራ ሁለት ኢማም ተከታይ በሱጁድ ግንባሩን በሸክላ ቁራጭ ወይም ከመሬት በወጣ ነገር ላይ ያሳርፋል፣ በውዱእ (ከሶላት በፊት ባለው ትጥበት) እግሩን አጥቦ ሳይሆን አብሶ ይጨርሳል፣ ዙህርን (የቀትሩን ሶላት) ከዐስር (ከሰዓት በኋላው)፣ መግሪብን (የምሽቱን) ከዒሻ (ከሌሊቱ) አጣምሮ መስገድን ያለ ጉዞም ይፈቅዳል፣ ከዓመት ወጪው የተረፈውን አንድ አምስተኛ ኹምስ ብሎ ያወጣል።

አሁን ወደ መዝሀብ። ጥፋቱ የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንይዘዋለን። አራቱ የሱኒ መዝሀቦች የተሰየሙባቸው ሰዎች አቡ ሐኒፋ (በ767 ያለፉ)፣ ማሊክ (795)፣ ሻፊዒ (820) እና አሕመድ ኢብን ሐንበል (855) ናቸው። እነዚህ ሰዎች ተፎካካሪ ቤተ እምነት አላቋቋሙም። ሻፊዒ የማሊክ ተማሪ ነበሩ፤ አሕመድ ከሻፊዒ ተምረዋል፤ ሻፊዒ የተወለዱት አቡ ሐኒፋ ባለፉበት ዓመት ነው። የተለያዩት በማስረጃ አወጣጥ ነው። ኩፋ ላይ የነበሩት አቡ ሐኒፋ ማመሳሰልን (ቂያስን) ሰፋ አድርገው ተጠቀሙ። ማሊክ የመዲና ሰዎች ሥራ ራሱ ማስረጃ ነው አሉ። ሻፊዒ የማስረጃዎችን ቅደም ተከተል ሥርዓት አስያዙ። አሕመድ ሐዲስ እስካለ ድረስ ከሰው አስተያየት ይልቅ እሱን ያዙ። በአገራችን በአመዛኙ ሐረር፣ ሶማሌና ደቡብ ምሥራቁ ሻፊዒ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሐነፊ ከሻፊዒ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ወደ ሱዳን ድንበር ማሊኪ ይገኛል። አዲስ አበባ የሁሉም መገናኛ ስለሆነች መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድ ውስጥ በአንድ ሰፍ (የሶላት ረድፍ) ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ።

ልዩነቱ ከዓይን አይሰወርም። ሐነፊው እጁን ከእምብርት በታች ያጣጥፋል፤ ሻፊዒው ከደረት በታች ከእምብርት በላይ፤ ከማሊኪዎች ብዙዎቹ ወደ ጎን ይለቁታል። ሻፊዒው ለሩኩዕ ሲያጎነብስና ቀና ሲል እጁን ያነሳል፤ ሐነፊው በመክፈቻው ተክቢራ («አላሁ አክበር») ብቻ። ድምፅ በሚሰማባቸው ሶላቶች ሻፊዒው «ቢስሚላህ»ንም «ኣሚን»ንም ጮክ ብሎ ይላል፤ ሐነፊው ሁለቱንም በለሆሳስ። በሱብሒ (የንጋት ሶላት) ሁለተኛ ረከዓ ከሩኩዕ ቀና ብሎ ቁኑት (ቆሞ የሚደረግ ልመና) የሚያደርገው ሻፊዒ ነው፤ ቢረሳው ከሰላምታ በፊት ሁለት የመርሳት ሱጁድ ይወርዳል። ሐነፊው ቁኑቱን የሚያደርገው በዊትር (ከዒሻ በኋላ በሚሰገደው ሶላት) ነው። ሐነፊው ከሻፊዒ ኢማም ኋላ ሱብሒ ቢሰግድ በቁኑቱ ጊዜ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሶላቱ አይበላሽም። በዚህ ምክንያት «መስጊዱ ውስጥ አለመግባባት ተፈጠረ» ብሎ መጻፍ ያስተዛዝባል።

የዐስር ሰዓትም ያሳስታል። በሦስቱ መዝሀቦች ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር፣ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው፤ በአቡ ሐኒፋ አቋም ሁለት እጥፍ ሲሆን። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል። በስልክ ላይ ያለ የሶላት ሰዓት ፕሮግራም «ሐነፊ» ወይም «መደበኛ» ምረጥ የሚለው ለዚህ ነው። ሳያስተውል ሐነፊ ላይ የተወው ሰው ሰፈሩ ያለው መስጊድ ቀድሞ አዛን የሚያደርግ ይመስለዋል።

ውዱእ ላይ ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቁርኣን «ሴቶችን ብትነኩ» ሲል ሻፊዒ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት፤ የባዕድ ወንድና ሴት ቆዳ ያለ ልብስ ከተነካካ ውዱእ ይፈርሳል። አቡ ሐኒፋ ግን የተፈለገው ግብረ ሥጋ ነው ስላሉ መነካካቱ ብቻ አያፈርስም። ከመርካቶ ፒያሳ በታጨቀ ታክሲ የመጣ ሻፊዒ ከሶላት በፊት ወደ ቧንቧው ሲሄድ፣ አብሮት የወረደው ሐነፊ ቀጥ ብሎ ወደ ሰፉ የሚገባው በዚህ ነው። ጢሙን ሲላጭ የቆሰለ ሰው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደሙ ከቁስሉ አልፎ ከፈሰሰ በሐነፊ ውዱእ ይፈርሳል፤ በሻፊዒ አይፈርስም። ራስን በማበስ ለሻፊዒ ጥቂት ፀጉር ይበቃል፣ ለሐነፊ ሩብ፣ ለማሊኪና ለሐንበሊ ሙሉው።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ ተልፊቅ ይባላል፣ ማጣጣፍ እንደማለት ነው። ያው ሰው ደም ፈሶት፣ ቀጥሎም ሴት ነክቶ፣ «ለደሙ ሻፊዒ ነኝ፣ ለመንካቱ ሐነፊ ነኝ» ብሎ ቢሰግድ ውዱኡ በሁለቱም መዝሀቦች ፈርሷል። ሻፊዒን ብትጠይቅ በመንካቱ፣ ሐነፊን ብትጠይቅ በደሙ። በአንድ አምልኮ ውስጥ ከየመዝሀቡ ቀላሉን መልቀም የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ መዝሀብ መቀየር ራሱ ነውር ሆኖ አይደለም።

ስለ ዘካ ስትጽፉ ቁጥሮቹን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የገንዘብ ዘካ ከመቶ 2.5 ነው፤ የሚጀምረው ሀብቱ 85 ግራም ያህል ወርቅ ወይም 595 ግራም ያህል ብር (ማዕድኑን ማለታችን ነው) ደርሶ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ነው። ሴት የምታጌጥበት ወርቅ በሐነፊ ዘካ ይወጣበታል፤ በሦስቱ መዝሀቦች ለአግባቡ እስከዋለ ድረስ አይወጣበትም። በረመዷን መጨረሻ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር በሰው አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት ሙድ፣ እህል ነው (በሐነፊ ስንዴ ከሆነ ግማሽ ሷዕ)። በኪሎ ሲተረጎም አንዱ 2.2፣ ሌላው 2.5፣ ሌላው 3 ኪሎ የሚለው ተጣልተው አይደለም። ሷዕ እንደ ቁና የይዘት መስፈሪያ እንጂ ሚዛን ስላልሆነ፣ የስንዴና የሩዝ ሷዕ በክብደት አይተካከሉም። በገንዘብ መስጠትን የሚፈቅደው ሐነፊ ነው፤ ሦስቱ እህል ይላሉ። ከዒድ ሶላት በፊት መስጠቱ ይመረጣል፤ በሻፊዒ ከዒዱ ቀን ማሳለፍ ግን ክልክል ነው።

በዓቂዳ በኩል ሱኒዎች ሦስት መስመር አላቸው። በ936 ያለፉት አል አሽዐሪና በ944 ያለፉት አል ማቱሪዲ እምነትን በምክንያት እያስረዱ የጠበቁ ናቸው፤ አሠሪ የሚባለው መስመር ደግሞ ጽሑፉን እንዳለ ተቀብሎ «እንዴት?» አይልም። በቁርኣን ስለ አላህ «እጅ» የተነገረውን አንዱ ከፍጡር ባሕርይ አርቆ ይተረጉመዋል፤ ሌላው ሳይመስልም ሳይተረጉምም ያጸድቀዋል። ብዙውን ጊዜ ሻፊዒና ማሊኪ ከአሽዐሪ፣ ሐነፊ ከማቱሪዲ፣ ሐንበሊ ከአሠሪ ጋር ይሄዳል።

ተሰውፍ ለአገራችን ሰው ቅርብ ነው፤ የወሎን መንዙማ ያልሰማ የለም። ጠሪቃ ማለት መንገድ ነው። ሙሪዱ (ተከታዩ) ከሼሁ ዚክር (አላህን የማውሳት ቃል) ተቀብሎ በየቀኑ ይፈጽመዋል፤ ሼሁም ከሼሁ፣ እያለ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ሰንሰለት ሲልሲላ ይባላል። ቃዲሪያ በ1166 ባግዳድ ላይ ወዳረፉት ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ ይመለሳል፤ ሐረርን ከያዘ ዘመናት አልፈውታል። ጅማና አካባቢው የገነነው ቲጃኒያ በ1815 ፌስ ላይ ካረፉት አሕመድ ቲጃኒ የመጣ ነው። የቲጃኒ ሙሪድ ጠዋትና ማታ 100 ኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና)፣ 100 ሶለዋት (ለነቢዩ የሚደረግ ጸሎት) እና 100 «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላል፤ ሌላ ጠሪቃ ደርቦ መያዝ አይፈቀድለትም። ሁለቱም ሙሪዶች ሱኒ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰግዱት በአንዱ መዝሀብ ነው። «ሱፊዎችና ሱኒዎች» የሚል ርዕስ ያወጣ ሰው የሰባበረው ይህን ነው።

በከተማችን የሚነሳው የሱፊና የሰለፊ ክርክርም ቦታው ከታወቀ ሊጻፍ የሚችል ነው። ነገሩ የወሊዮችን (የአላህ ወዳጆች የሚባሉትን) መቃብር መዘየር (መጎብኘት)፣ በእነሱ መማለድና መውሊድ (የነቢዩን ልደት) ማክበር ላይ ነው። ሰለፊው እነዚህ ቀዳሚዎቹ ትውልዶች ያላደረጓቸው፣ ገሚሶቹም ተውሒድን (የአላህን አንድነት) የሚነኩ ናቸው ይላል፤ ሱፊው በማስረጃ የተደገፈ ወግ ነው ይላል። መውሊድ ከሁለቱ ዒዶች ጋር በአገራችን በሥራ መዝጊያ በዓልነት ከታወጀ ቆይቷል። እና ያን ዕለት መስጊድ ሄዶ ያላከበረ ሙስሊም ቢገኝ በዓሉን ረስቶት አይደለም።

«ወሃቢ» የሚለው ስም በ1792 ካለፉት ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ የተወሰደ፣ ሌሎች የሰጡት ስም ነው፤ ባለቤቶቹ ሰለፊ ወይም አህለ ሱና ይላሉ። «አህለ ሱና ወልጀማዓ»ን ግን ሱፊውም ለራሱ ይጠራበታል፤ ስለዚህ በዜና ውስጥ ያ ስም ብቻውን የትኛውንም ወገን አይለይም። «አህባሽ»ም እንደዚሁ የወጣላቸው ስም ነው፤ ቃሉ ሐበሾች ማለት ነው፤ በ2008 ቤይሩት ላይ ያረፉት መምህራቸው ሼህ ዐብዱላህ የሐረር ሰው ስለነበሩ። ራሳቸውን የሚገልጹት በፊቅህ ሻፊዒ፣ በዓቂዳ አሽዐሪ፣ በጠሪቃ ሪፋዒና ቃዲሪ ብለው ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ጥያቄ መለሱ ማለት ነው። ሌሎች ሱኒዎች የሚቃወሟቸው በእነዚህ ሦስት ስሞች ሳይሆን በሌሎች አቋሞቻቸው ነው። ተብሊግ ደግሞ መዝሀብም ጠሪቃም አይደለም። በ1920ዎቹ ሕንድ ውስጥ የተጀመረ፣ ሰው ለ3 ቀን፣ ለ40 ቀን ወይም ለ4 ወር ከቤቱ ወጥቶ ሙስሊሙን ወደ ሶላት የሚጠራበት እንቅስቃሴ ነው።

የቀረው የጨረቃ ነገር ነው። ዒድ በሁለት ቀን የተከበረ እንደሆነ ወዲያው «በሙስሊሞች መካከል ክፍፍል» የሚል ርዕስ ይወጣል። በሻፊዒ መዝሀብ ሩቅ አገር የታየች ጨረቃ ለዚህ አገር አትበቃም፤ እያንዳንዱ አካባቢ አድማሱን ያያል። በሦስቱ መዝሀቦች የታወቀው አቋም አንድ ቦታ ከታየች ለሁሉም በቅታለች የሚል ነው። ሻፊዒው 30 ሞልቶ ሲጾም ሐነፊው በ29 ቢፈታ፣ ሁለቱም የሚያደርጉት ከ1,000 ዓመት በላይ በተጻፈ ሕግ ነው። ዘጋቢያችሁ ያን ምሽት መጠየቅ ያለበት ጨረቃዋ የት አገር፣ በስንት ሰው እንደታየችና ምስክርነቱን ማን እንደተቀበለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊቅህና የዓቂዳ ደርስ ሰጪዎች፣
ከፒያሳና ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ